ንጉሡ ሊቀ ጳጳሱን «ሐሜተኛ» ይለዋል እንዴ? ስለ «ጎሲፕ» የድሮ ትርጉም እርዱኝ

የክበቧ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የትምህርት ቤታችንን የቴአትር ክበብም የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ለወላጆች ቀን የሼክስፒርን «ሄንሪ 8ኛ» የመጨረሻ ትዕይንት በአማርኛ እንሥራ አሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ትዕይንቱ ክርስትና ነው፣ ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁት ነገር ነው። ሕፃኗ ኤልሳቤጥ፣ ኋላ ንግሥት የሆነችው፣ ተጠምቃ በአጀብ ወደ አባቷ ትመጣለች። ክርስትና ያነሷት ሊቀ ጳጳሱ ክራንመርና ሁለት ወይዛዝርት ናቸው። ንጉሡ ልጁን ይስምና ወደ እነሱ ዞሮ ስለ ስጦታቸው ያመሰግናል። እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። «ማይ ኖብል ጎሲፕስ» ይላቸዋል።

ንግግሩን የምትተረጉመው ተማሪ ስልኳ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈተች። «ሐሜት፣ ሐሜተኛ፣ ወሬኛ» ይላል። እንዳለ አስገባችው። «የተከበራችሁ ሐሜተኞቼ» ብላ ጮክ ብላ ስታነበው ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔም ቆሜ የምመልሰው አጣሁ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ልጅቷ ያጠፋችው ነገር የለም፣ መዝገበ ቃላቱ ያላትን ነው የጻፈችው።

ግን ስሜት አይሰጥም። ሊቀ ጳጳስ በክርስትና ቀን፣ በሰው ፊት፣ ሐሜተኛ ተብሎ አይጠራም። ንጉሡ ተቆጥቶ ነው እንዳልል ቀጥሎ የሚለው ምስጋና ነው። እና ቃሉ ድሮ ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው? ከየትስ መጣ? አማርኛው ምን ይሁን? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አትለፉኝ።

ጣርማበር

እህቴ፣ ይሄን አንድ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ። የድሮ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ሰዎቻቸውን «ጎ፣ ሲፕ» እያሉ ወደ መጠጥ ቤት ይልኩ ነበር ይላል። ሂድና ፉት እያልክ ሕዝቡ የሚያወራውን ስማልኝ እንደማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው ጎሲፕ ሆኑ። እኛም ጋ እኮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር ይባላል። ስለዚህ ንጉሡ «ወሬ አምጪዎቼ» ማለቱ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ስድብ አይደለም።

ሰላድንጋይ

ልጄ መምህርት፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቋንቋ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ግን ለጣርማ በሩ ልጅ አንድ ነገር ልበል። የ«እረኛ ምን አለ» ነገርህ ግሩም ነው፣ የመጠጥ ቤቱ ታሪክ ግን ፈጠራ ነው። ሰው ሁለት ቃል ድምፃቸው ሲገጥምለት ታሪክ ይሠራላቸዋል፣ በአማርኛም በየቀኑ የምናየው ነው። ቃሉ በጽሑፍ የተገኘበትን ስታይ «ሲፕ» የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

ቃሉ በድሮው እንግሊዝኛ «ጎድሲብ» ነው። የዮርክ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዉልፍስታን በ1014 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በሰበከው ስብከት ላይ አለ። ያን ጊዜ ዴንማርኮች እንግሊዝን እየወረሩ ነበር። ሰውየው ግን የሚያለቅሰው በወራሪው ብቻ አይደለም፣ በራሱ ሕዝብ ኃጢአት ነው። በአገሩ ላይ እጅግ ብዙ ጎድሲቦችና የክርስትና ልጆች ጠፉ ይላል። አየሽ፣ ከክርስትና ልጅ ጎን ነው የቆመው ቃሉ። ሐሜት የሚባል ነገር በአጠገቡም አያልፍም።

አሁን ለሁለት እንክፈለው። «ጎድ» እግዚአብሔር ነው። «ሲብ» ዘመድ ነው። ዛሬ ለወንድምና ለእህት በአንድ ላይ የሚሉት «ሲብሊንግ» ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ ጎድሲብ ማለት በእግዚአብሔር የተገኘ ዘመድ፣ በሥጋ ሳይሆን በጥምቀት የተዛመደ ሰው ነው። ሲነገር ሲነገር መሐል ያለው «ድ» ተዋጠ፣ መጨረሻ ላይ ያለው «ብ» ደግሞ ተለውጦ «ፕ» ሆነ። እኛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንደምናሳጥረው ነው፣ ብዙ የተባለ ቃል መሳሳቱ አይቀርም። በነገራችን ላይ «ጎስፕል»፣ ማለትም ወንጌል፣ በዚሁ መንገድ «ድ»ውን ጥሏል። እሱ ግን ሲነሣ «ጎድ» ያለው እግዚአብሔርን ሳይሆን «መልካም» የሚለውን ነው፣ መልካም ዜና ማለት ነው። ኋላ ሰዉ የእግዚአብሔር መስሎት ነው። ልጆችሽ ሁለቱን እንዳያምታቱ ብዬ ነው።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ጎድሲብ የሚባለው ክርስትና ያነሣው ሰው ብቻ አልነበረም። የልጁ ወላጅና ክርስትና ያነሣው ሰው እርስ በርስ የሚጠራሩበትም ነበር። አባትየው ያኛውን «ጎሲፔ» ይለዋል፣ ያኛውም መልሶ «ጎሲፔ» ይለዋል። ልጁ ሁለቱን ዘመድ አደረጋቸው። ይህን ስትሰሚ አፍሽ ላይ የሚመጣው ቃል ምንድን ነው? እኔ ገና ተማሪ እያለሁ ይህ የተገለጠልኝ ቀን ብድግ ብዬ ነው የቆምኩት።

አበልጅ ነው። ቁርጥ አበልጅ። የዛሬው እንግሊዝኛ ለዚህ ዝምድና በየቤቱ የሚነገር ቃል የለውም፣ እኛ አለን። ንጉሡ ለሊቀ ጳጳሱና ለወይዛዝርቱ የሚላቸው «የተከበራችሁ አበልጆቼ» ነው። ተማሪሽን በእኔ ስም ቀና በይ በያት።

የክበቧ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ! አሁን ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው፣ ጮክ ብዬ «አበልጅ!» ስል አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞረው አዩኝ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እንዲህ ያለ የከበረ ቃል እንዴት ሐሜት ሆኖ ቀረ? አበልጅ እኮ የሚከበር ሰው ነው። አበልጅ ቤት ሲመጣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ በግ ይታረዳል። መንገዱ የት ላይ ነው የተጣመመው?

የመሐል ሜዳ አዋላጅ

እህቴ፣ ለዚህኛው እኔ ልምጣ። ሥራዬ ማዋለድ ነው፣ ከመንዝ ነኝ፣ ስለ ድሮ አወላለድ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነበው አላልፍም። ቃሉ የተጣመመው ምጥ ቤት በር ላይ ነው።

በድሮ እንግሊዝ ሴት ምጥ ሲይዛት ባልየው ወጥቶ ጎረቤት ሴቶችን ይጠራል። ጎሲፖቹን መጥራት ይባላል። እናት፣ እህት፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ ኋላ ክርስትና የምታነሳዋም ከመሐላቸው ነች። ወንድ አይገባም። መስኮቱ ይዘጋል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ይወተፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሴቶቹና አዋላጇ ብቻ ናቸው። ልጁ ከተወለደም በኋላ እናትየው ወር ያህል ከቤት አትወጣም፣ ሴቶቹ ይመላለሳሉ። ለእሷም ለጠያቂዎቿም የሚቀርብ «ኮድል» የሚሉት መጠጥ ነበራቸው። ቀጠን ያለ ትኩስ የእህል ሙቅ ነው፣ ጠላቸውን ወይም ወይን ይጨምሩበታል፣ ያጣፍጡታል፣ ቅመም ያደርጉበታል።

ይህን ሳነብ አያቴ ቤት ነው የገባሁት። ልጅ እያለሁ አክስቴ ወለደች። ጓዳው ጨለም ያለ ነው፣ ምድጃው ላይ የአጃ አጥሚት ይንተከተካል። አያቴ በጭልፋ እያነሳች መልሳ ታንቆረቁረዋለች፣ እንዳይጓጉል። ሴቶቹ ባና ደርበው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ፈስሶበታል፣ ሁሉም ከዳር እየቆረሰች ታጠቅሳለች። የገባችው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ አዲስ አበባ እንደገባ፣ ማን ባሏን ጥላ እንደመጣችና ለምን እንደሆነ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ስለ ሰው ሕይወት ከትምህርት ቤት የበለጠ የተማርኩት እዚያ ነው። ጡት አልይዝ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ፣ ደም ሲበዛ ምን እንደሚያስፈራ ሲነጋገሩ የሰማሁት እዚያ ነው። ዛሬ አዋላጅ የሆንኩትም ከዚያ ጥግ ተነሥቼ ነው።

አያቴ ጓዳ የነበሩት ሴቶች፣ እንግሊዞቹ ቢያዩዋቸው፣ ጎሲፖች ይሏቸው ነበር። ቃሉ ከአበልጅነት ወደ ቅርብ ወዳጅነት ሰፋ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቾሰር የጻፋት አንዲት ሴት ጎሲፗን ስታነሳ፣ ከደብሩ ቄስ የበለጠ ልቤን ታውቃለች፣ ምስጢሬ ሁሉ እሷ ጋ ነው ትላለች። ያን ጊዜ ገና ስድብ አልሆነም። ምስጢረኛ ማለት ነው።

ከዚያ ነው ክፉው የመጣው። ውጭ ላይ የቀሩት ወንዶች ናቸው መጽሐፍ የሚጽፉት። ውስጥ ምን እንደሚባል አያውቁም። ሴቶቹ ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ስለ ባሎቻቸው ያወራሉ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በእነዚህ ሴቶች ላይ የሚያላግጡ ጽሑፎች በረከቱ። «ጎሲፕ» የምትለፈልፍ ሴት ሆነች። ሼክስፒር ራሱ ሌላ ቦታ ላይ ውሸታም ወሬኛ ለምትባል ሴት ይጠቀምበታል፣ እዚህ ደግሞ ንጉሡ ለአበልጆቹ። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቱም ትርጉም ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ከሰውየዋ ወጥቶ ለወሬው ለራሱ ስም የሆነው ግን ቆይቶ ነው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ።

እንግሊዞቹ ብቻ ቢሆኑ ዝም እል ነበር። ፈረንሳዮቹም «ኮሜር» የሚሉት ነበራቸው፣ ከላቲን የመጣ ነው፣ አብራ እናት የሆነች፣ የእናትየዋ አበልጅ ማለት ነው። ዛሬ «ኮሜራዥ» ሐሜት ነው። በስፓኒሽ «ኮማድሬ» አበልጅ ናት፣ ከእሷ የወጣው አንዱ ቃል ማውራት ነው፣ ሌላው ቃል «ኮማድሮና» አዋላጅ ነው። ያንቺ ቃል የእኔንም ሥራ ነካ እኮ! ሦስት ቋንቋ ላይ የሴቶች አበልጅነት ወደ ሐሜት ተገፋ። ሴቶች አራስ ቤት የሚያወሩት ነገር የልጅ ነፍስ የሚያድን ነበር፣ ይህን ጉዳይ እንደ ዋዛ ማለፍ አልችልም።

አንኮበር ዲያቆን

እህታችን ከመንዝ ያልሽው ገብቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ልጨምር።

መጀመሪያ ስለ ማንሳት። እኛ «ክርስትና አነሣ» እንላለን። ክርስትና አባት ሕፃኑን ከተጠመቀ በኋላ ይቀበለዋልና፣ ያነሣዋልና። በላቲኑ ቤተ ክርስቲያንም የሚባለው ይኸው ነው፣ ከማጥመቂያው ማንሳት ይሉታል። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ከጥምቀት ማንሳት» ይላሉ፣ አሁን አሁን ማኅበር ሲመሠርቱም በዚሁ ቃል ይጠቀሙበታል። ስለዚህ መምህርት፣ በትያትሩ ላይ «ክርስትና ያነሱልኝ» ብትይ ከእነሱም ከእኛም ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛ ስለ ጋብቻ። እኛ ጋ አበልጅ ከሆንን ልጆቻችን አይጋቡም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ፍትሐ ነገሥትም በመንፈስ የተዛመደን ሰው ከጋብቻ ይከለክላል። እነሱም ጋ ከጥንት ነው የተጀመረው። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ530 ሰው ክርስትና ያነሳትን ልጅ እንዳያገባ ሕግ አውጥቷል። ቾሰርም እዚያው መጽሐፉ ላይ በቄሱ አፍ፣ ሴት ከጎድሲቧ ጋር ብትተኛ ከሥጋ ወንድሟ ጋር ከተኛችው ኃጢአቷ አያንስም ያሰኛል። ቃሉ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ከዚህ ማየት ይቻላል። አንድን ሰው ጎሲፔ ካልሽው ከዚያ ወዲያ ቤተሰብሽ ነው፣ ሕጉም ያውቀዋል።

እና ቃሉ የወደቀው በወንዶቹ ፌዝ ብቻ አይመስለኝም። የሚገርመው እዚህ ትዕይንት ላይ «ጎሲፖቼ» የሚለው ያው ሄንሪ 8ኛ ነው። ከሮም ተለየ። በ1540 በእሱ ዘመን የወጣው የጋብቻ ሕግ፣ በእግዚአብሔር ሕግ ካልተከለከለ በቀር ጋብቻን የሚያፈርስ ነገር አይኑር አለ። የመንፈስ ዝምድናው ክልከላ በዚያ ቀረ። ክልከላው ሲነሣ ቃሉን ወደ ታች የሚይዘው ክብደት አብሮ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ እንደወሰደው ሄደ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ግን ጊዜው ይገጥማል፣ ስድቡ የበረታው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ ከጠየቁሽ። በእነሱ የድሮ ሥርዓት ለሴት ልጅ ሁለት ክርስትና እናትና አንድ ክርስትና አባት ነው፣ ለወንድ ተገላቢጦሽ። ሦስት ሰው የቆመው ለዚያ ነው። እኛ ጋ ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት፣ አንድ ይበቃል። ደግሞ እኛ ሴት ልጅ የምናስጠምቀው በ80 ቀኗ ነው፣ ወንዱን በ40። ኤልሳቤጥ የተወለደችው መስከረም 7 ቀን 1533 በእነሱ አቆጣጠር፣ የተጠመቀችው መስከረም 10። በሦስተኛ ቀኗ ማለት ነው። እናትየው አራስ አልጋ ላይ ነች፣ በትዕይንቱ ላይ የሌለችው ለዚህ ነው። ልጅቷን ወስደው ያስጠመቁትና ተመልሰው ያስረከቡት ጎሲፖቹ ናቸው። ሕፃኑን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ናቸውና ንጉሡ እንዲያ ዝቅ ብሎ ቢያመሰግን አይደንቅም።

ጣርማበር

ጋሼ፣ ተምሬያለሁ። ያን ቪዲዮ ለሦስት ሰው ልኬው ነበር፣ አሁን ለሦስቱም ይሄን ውይይት ላክሁላቸው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አበልጅ ሲባል «አበ» አባት ማለት አይደለም እንዴ? ሴትን አበልጄ ማለት ይቻላል? እኛ ሰፈር እናቴ የእህቴን ክርስትና እናት አበልጄ ስትል እሰማለሁ፣ ግን ትክክል ነው ወይ?

ሰላድንጋይ

ደግ ጠየቅህ። «አበ» ከግዕዝ ነው፣ «አበ ነፍስ» ስንል እንደምናገኘው፣ የ... አባት ማለት ነው። «አበ ልጅ» የልጅ አባት። ግን ቃል አንዴ ከተዋሐደ በኋላ ክፍሎቹን ሰው አይቆጥራቸውም። እናትህ አበልጄ ያሉት ልክ ነው። እኔም እናቴ ስትል ሰምቼ ነው ያደግሁት፣ «አበልጄ፣ ቤት ለእንግዳ» እያለች ሴትዮዋን በር ድረስ ወጥታ ትቀበል ነበር። ሁለቱም እኩል አበልጄ ነው የሚባባሉት። የእንግሊዙም እንዲሁ ነው፣ ጎሲፕ ወንዱም ሴቱም ነበር፣ ሴት ላይ ብቻ የተለጠፈው ኋላ ነው።

ሸዋሮቢት ቆላ

ይቅርታ ልግባ። ዛሬ የከተማ ልጅ አበልጅን ላያውቀው ይችላል። ወላጆች ቀን ላይ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ዓይነት ነው፣ ሙስሊም ወላጆችም ይኖራሉ። «የልጄ የክርስትና አባትና እናቶች» ቢባል ሁሉም አይረዳውም?

የመሐል ሜዳ አዋላጅ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ለሰው ከማሰብ ነው። ግን ክርስትና አባት የሚለው ልጅቷ ናት። አባትየው ቆሞ «ክርስትና አባት» ሲል ስለ ልጁ ነው የሚያወራው። «አበልጄ» ሲል ግን ስለ ራሱ ነው። እናንተ ለእኔም ዘመዴ ሆናችሁ እያለ ነው። ሼክስፒር የጻፈው ይህን ሁለተኛውን ነው፣ ንጉሥ ከአልጋው ወርዶ ሰውን ዘመዴ የሚልበትን ቦታ። ያን ካወጣነው ንግግሩ ደረቅ ምስጋና ይሆናል። ለማያውቀው ደግሞ ትዕይንቱ ራሱ ያሳያል፣ ሕፃን ይዘው ነው የቆሙት።

አንኮበር ዲያቆን

ልክ ነሽ። አበልጅ ይሁን። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ አበልጅ ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም፣ ስንት ክርስትና ላይ አብረውን ውለዋል።

የክበቧ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ትላንት ክበቡ ተሰበሰበ። የጻፋችሁትን ሁሉ አትሜ ወሰድኩት። ያቺ አንገቷን የደፋችው ልጅ ራሷ እንድታነበው ሰጠኋት። «ጎድሲብ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዚያ «ቲቸር፣ አበልጅ እኮ ነው» አለች ጋሼ ያሉትን ገና ሳታነብ። በራሷ አገኘችው!

ከዚያ ንግግሩን አብረን ሠራነው። ንጉሡ ስጦታችሁን አበዛችሁት ይላል በእንግሊዝኛው። አንዱ ልጅ «አባቴ እኮ አበልጁ ሙክት ይዞ ሲመጣ ምነው ተጎዳህ ነው የሚለው» አለ። በቃ፣ እሱን ያዝን። ቀጥሎ ደግሞ ሕፃኗ እንግሊዝኛ ስትችል እሷም ታመሰግናችኋለች የሚል አለ። እሱንም ከቤታችን አገኘነው። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«የተከበራችሁ አበልጆቼ፣ ምነው እንዲህ ተጎዳችሁ? ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። ይህች እመቤትም በእንግሊዝኛ አፏን ስትፈታ ታመሰግናችኋለች።»

ማንም አልሳቀም። ንጉሡን የሚሠራው ልጅ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፣ በሦስተኛው ላይ ሳልነግረው እጅ ነሣ።

ልምምዳችን ሐሙስ ነው። አንድ ችግር ብቻ ቀርቶናል፣ ለንጉሡ የሚደረብ ነገር የለንም። የእንግሊዝ ካባ የት ይገኛል፣ ልጆቹ በርኖስ ይሁንልን ብለዋል። የሚያውሰን ሰው ካለ በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን።

የመሐል ሜዳ አዋላጅ

የአባቴ በርኖስ አለ፣ ጥቁር ነው፣ ያለቀ ቦታ የለውም። ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን በሚገባው መኪና እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቂው። አበልጄ ልበልሽ እንግዲህ፣ ልጅቷን አብረን አነሣናት እኮ።